ስለ አንድ የድስት መያዣ የሰጠነው ፍርድ

በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርጃለሁ። በዕድር ዳኝነት የተጣሉ ጎረቤታሞችን አስታርቄአለሁ፤ የአጥር ወሰን ለክቻለሁ፤ በቤቴም የአራት ልጆች ጠብ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔን ራሴን የለወጠኝ ግን፣ ገንፎ ሲገነፋ ድስት እንዳይዞር በሚይዝ አንድ የብረት ቀለበት ላይ የሰጠነው ፍርድ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እኔም ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ፈገግ ብያለሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ያኔ ጎፋ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮ፣ ካውያና ቡታጋዝ እጠግን ነበር። ቡታጋዝ የምንለው በነጭ ጋዝ የሚነደውን ባለ ክር ምድጃ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ባለሱቅ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሙያዬን ደግሞ የተቃጠለ ዕቃ እየፈታሁ። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ ሌላውም ሰው ሁሉን ነገር በራሱ ማወቅ ያለበት ይመስለዋል። በቤቴ ውስጥ ሙገሳ ብዙ አይሰማም ነበር። ልጆቼ ጥሩ ሲሠሩ መሥራት ያለባቸውን እንደሠሩ ቆጥሬ አልፋለሁ።

የሰፈሩ ሰው ግን «መርሻ ፊት አይቶ አያዳላም» ይለኝ ስለነበር፣ ቀበሌያችን የእጅ ሥራ መርማሪ ኮሚቴ ሲያቋቁም ስሜ ተጠራ። በዚያ ዘመን በሀገራችን ሰውን የፈጠራው ባለቤት የሚያደርግ ሕግ አልነበረም። እኛ ጋ የነበረው ከበላይ የወረደ አንድ መመሪያ ነው። አዲስ ነገር የሠራ ሰው ሥራውን ያቀርባል፤ ሥራው አዲስ ነው ከተባለ በስሙ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከመንገድ ዳር ከተሠሩት የቆርቆሮ ሼዶች አንዱንና ከላሜራ ኮታ ድርሻውን ያገኛል። ሥራው «ማንኛውም ባለሙያ በቀላሉ ሊደርስበት የሚችል» ሆኖ ከተገኘ ግን የማንም አይደለም። የብረታ ብረት ማኅበሩ ወስዶ ይሠራዋል፤ ያመጣው ሰውም አመስግነን እንሸኘዋለን።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው ጓድ ታምሩ የቀበሌው ሹም ነው፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ስብሰባ ሳይረዝም እንዲያልቅ የሚፈልግ። ሁለተኛው አቶ ሽኩር የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው በመዶሻና በብየዳ ያረጁ፣ እጃቸው የነካው ብረት የሚታዘዝላቸው ሰው። ቡታጋዝ እየገጣጠሙ ለመላው ንፋስ ስልክ ያዳረሱ እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። መጀመሪያ የቀረበው ሰው የአይጥ ወጥመድ ይዞ መጥቶ ነበር። ወጥመዱ ገና ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የታምሩን ጣት ያዘውና ስብሰባው በሳቅ ተጀመረ። ቀጥሎ አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት በአንድ እጇ ቡታጋዝ፣ በሌላው ዘንቢል ይዛ ገባች። ከዘንቢሉ ድስት፣ የገንፎ ማማሰያና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«ዘነበች እባላለሁ» አለች። «ከጋርመንት ፋብሪካ ወዲህ ነው ቤቴ። ጠዋት ጠዋት ለፋብሪካ ሠራተኞች ገንፎ እሸጣለሁ።»

«ባለቤትሽስ?» አለ ታምሩ።

«ግንባር ነው። ከዘመተ ቆይቷል።»

ጨርቁን ፈታችው። ከቀጭን ፌሮ የተጠማዘዘ ቀለበት ነው። በቀለበቱ ዙሪያ ወደ ላይ የቆሙ፣ በምስማር ላይ የሚዞሩ ሦስት አጫጭር ክንዶች አሉት። ከሥሩ ደግሞ የቡታጋዙን ትከሻ የሚቆነጥጡ ቆልማማ ጥፍሮች አሉ። ብየዳ የሚባል ነገር የለበትም፤ ሁሉም በምስማርና በሽቦ የታሰረ ነው። መዶሻው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ይታያል። ያኔ ነው ፈገግ ያልኩት።

«ገንፎ ሲጠጥር ድስቱ ከማማሰያው ጋር ይዞራል» አለች። «ቡታጋዝ ላይ ደግሞ ይንሸራተታል። አንድ እጅ ለማማሰያው፣ አንድ እጅ ለድስቱ፣ አንድ እጅ ለዱቄቱ ያስፈልጋል። እኔ ሦስት እጅ የለኝም። እኅቴ ድስቱን እየያዘችልኝ እያለ አመለጣትና እግሯ ላይ ተደፋ። እስካሁን ጫማ አታደርግም።»

ታምሩ ተነሳ። ከማሰሮው ውሃ ቀድቶ ድስቱን ሞላና ቀለበቱ ሳይኖር ቡታጋዙ ላይ ጣደው። ማማሰያውን ይዞ ውሃውን ዞር ዞር አደረገው። ድስቱ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው ቆሟል» አለን ወደ እኛ ዞሮ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ አቶ ሽኩርም ነቀነቁ። ሦስት ጎልማሶች ተሰብስበን አንድ ድስት ውሃ አማስለን ፍርድ ልንሰጥ ነው።

ዘነበች ለመሳቅ ፈራች መሰለኝ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ጓድ ታምሩ፣ ውሃ አይገነፋም» አለች።

በሩ ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ሳቁ። እሷ ግን ጊዜ አላጠፋችም። ዱቄት ይዛ መጥታለች። ውሃውን ቀነስ አድርጋ ምድጃውን ለኮሰች፤ ሲፈላ ጨው ጣል አደረገች፤ ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሰች ማማሰል ጀመረች። በመጠጠር ላይ ሲሆን ማማሰያውን ለታምሩ ሰጠችው። «አሁን ይሞክሩት። እንዳይጓጉል ጠንከር አድርገው።»

ታምሩ እጅጌውን ሰብስቦ ያዘ። ሁለት ጊዜ እንዳዞረ ድስቱ አብሮት ዞረ፤ በግራ እጁ ሊይዘው ሲል አቃጠለውና ለቀቀው፤ ማማሰያውን ሲጎትት ድስቱ ከምድጃው አፍ ተንሸራቶ ተጋደመ። ዘነበች በጨርቅ ባትቀልበው ኖሮ መሬት ነበር። አንድ ጉርሻ የሚያህል ገንፎ ግን የአቶ ሽኩር ጫማ ላይ አረፈ።

«ጓድ፣ አራሶች በረሀብ ሊያልቁ ነው» አለ አንዱ ጥበቃ።

«አንተ በርህን ጠብቅ» አለ ታምሩ፣ እሱም እየሳቀ።

ዘነበች ቀለበቱን ገጠመች። ጥፍሮቹ የቡታጋዙን ትከሻ ያዙ፤ ድስቱ በሦስቱ ክንዶች መካከል ገባ። ከምድጃው እግሮች ሥር ደግሞ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ቁራጮች አደረገች። ታምሩ ሲያማስል ድስቱ ለመዞር ትንሽ ተነቃነቀ፤ ክንዶቹ ከድስቱ ጋር ዘወር አሉና ግጥም አድርገው ያዙት። ይበልጥ ሲጎትተው ይበልጥ ጠበቁ። አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ አማሰለ። ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም።

አቶ ሽኩር ተነስተው ማማሰያውን ተቀበሉ። በግራ እጃቸው ያዙና በተቃራኒው አዞሩት። ክንዶቹ ተከፈቱ፤ ድስቱ ላላ።

«አልያዘም» አሉ።

«ጋሼ፣ ግራኝ ነዎት እንዴ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

እሷም ሦስቱን ምስማሮች መዘዘች፤ ክንዶቹን ገለበጠች፤ መልሳ ሰካች። «ጎረቤቴ ግራኝ ናት» አለች። አቶ ሽኩር እንደገና አማሰሉ። ያዘ። ለረጅም ጊዜ ድስቱን ሳይሆን ክንዶቹን ሲያዩ አስተዋልኩ።

ሴትየዋን ውጭ ቆዪ አልናትና ለምክክር ተቀመጥን።

«ይጠቅማል፤ ይህን አልክድም» አሉ አቶ ሽኩር። «ግን አዲስ ነው ወይ? መመሪያው የሚጠይቀው እሱን ነው። አንድ ቀለበት፣ ሦስት ክንድ፣ ጥቂት ምስማር። ማንም አንጥረኛ አንዴ ካየው በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ከሷ የተሻለም አድርጎ።»

ታምሩ ብዕሩን አነሳ። «እንግዲህ በቀላሉ የሚደረስበት ነው ብለን እንለፈው?»

እኔም ልስማማ አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን አቶ ሽኩር ያሉት አንድ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። «አንዴ ካየው አሉ፣ አቶ ሽኩር?»

«አዎ።»

«ካላየውስ?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ እግሩ የተጣመመ ቡታጋዝ በየሳምንቱ አቃናለሁ» አልኩ። «የሚያመጡት ሴቶች ናቸው። ሁልጊዜ የሚጥሉት እየመሰለኝ ጥንቃቄ የላቸውም እያልኩ እቆጣ ነበር። ለምን ይጣመማል ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እርስዎም ምድጃውን ይሠራሉ። አሁን ካየነው በኋላ ቀላል ነው ማለት ለማንም ቀላል ነው። መልሱን አይቶ የመጣ ሰው ጥያቄው ከባድ መሆኑን እንዴት ያውቃል?»

«ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?» አለ ታምሩ ሰዓቱን እያየ።

ያሰብኩትን ተናገርኩ። ከማኅበሩ ሁለት ጎበዝ ሠራተኞች ይመረጡ። ቀለበቱን አይዩ። ድስት፣ ቡታጋዝና ዱቄት ይሰጣቸው፤ ችግሩ ብቻ ይነገራቸው። እስከ ዓርብ መፍትሔ ያምጡ። ከደረሱበት በቀላሉ የሚደረስበት ነው፤ ካልደረሱበት አይደለም።

አቶ ሽኩር ከት ብለው ሳቁ። «ይሁን። ሰዎቹን እኔ እመርጣለሁ። ከድርና ወልዴ። እነሱ ያልደረሱበት ነገር እኛ ሰፈር የለም።»

ስንበታተን ታምሩ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ መርሻ፣ ይቺ ሴት ጴንጤ ናት ይባላል። ማታ ቤቷ ውስጥ ይዘምራሉ አሉ። ወረቀት በስሟ ፈርሜ ነገ ብጠየቅ ምን እላለሁ?» አለኝ።

በዚያ ዘመን ይህ ተራ ወሬ አልነበረም። የጸሎት ቤቶቻቸው ተዘግተው ነበር፤ በዚህ የታሰረም አውቃለሁ። እኔ የእምነቷ ሰው አይደለሁም፤ ግን ኮሚቴው የገባሁት የሰው ጸሎት ለመስማት አይደለም።

«ስለ ድስት ነው የተሰበሰብነው» አልኩት። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼም ነበር።

ሐሙስ ሥራዬ ላይ ልቤ አልረጋ አለ። አሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ፈተናው የሚካሄደው ግን በአቶ ሽኩር ግቢ፣ በአቶ ሽኩር ሰዎች ነው። ቀለበቱን እሳቸው አይተውታል። በጣታቸው አየር ላይ አንድ ክብ ቢሥሉ ጉዳዩ አለቀ። ማኅበሩ ደግሞ ሥራ ጠፍቶበት ነበር፤ አዲስ የሚሸጥ ዕቃ ያስፈልገው ነበር። ይህን ሁሉ ሳስብ ቆየሁና ክፍሌን ቆልፌ ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። ሰላይ ሆኜ ነው የሄድኩት፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ግቢው ውስጥ ከድርና ወልዴ አንድ ቡታጋዝ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዱቄት በዱቄት ሆነዋል። ዙሪያቸው የተቃጠለ ገንፎ ተጥሎ ዶሮዎች ይለቅሙታል። አቶ ሽኩር ትንሽ ራቅ ብለው በርጩማ ላይ፣ እጆቻቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ከታች ብናከብደው አይሻልም?» አለ ከድር።

«አላውቅም።»

«ድስቱ ላይ ጆሮ ብንበይድስ?» አለ ወልዴ።

«አላውቅም አልኩ።»

«ጋሼ ዛሬ ምን ነካዎት? ሌላ ጊዜ ሳንጠይቅዎት ነበር የሚሰድቡን።»

አቶ ሽኩር አልመለሱም። እኔን ሲያዩ ግንባራቸው ተቋጠረ። ለምን እንደመጣሁ ገባቸው። «ይቀመጡ አቶ መርሻ» አሉኝ፤ «እኔም ራሴን ስለማላምን ነው እጄን የያዝኩት።»

ሰውን በሥራው ማድነቅ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ሰውን በዝምታው ሳደንቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ባለሙያ ልጆቼ የሚላቸው ሁለት ሠራተኞች በተሳሳተ መንገድ ሲሄዱ እያየ፣ ትክክለኛውን እያወቀ፣ ማኅበሩ የሚጠቀምበትን ቃል ምላሱ ላይ ይዞ ሲቀመጥ አየሁ። ሻይ አዘዙልኝ። ጠጥቼ ወጣሁ። ለሰላምታ እንኳ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ።

ዓርብ ተሰበሰብን። ዘነበች ከእኅቷ ጋር መጣች፤ እኅቷ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጋለች። ከድር ሥራውን በሁለት ሰው አሸክሞ ገባ። አሸዋ የተሞላ ከባድ የላሜራ ሣጥን ነው፤ ቡታጋዙ መሃሉ ላይ ይቀበራል። ዘነበች ገንፎ ጀመረች። ምድጃው በእርግጥ እንደ ድንጋይ ቆመ። ድስቱ ግን እላዩ ላይ እንደ ልቡ ዞረ።

ወልዴ ቀጠለ። የድስቱን ጎንና ጎን ሁለት ረጃጅም እጀታ በይዶለታል፤ ንጹሕ ብየዳ ነው።

«እጀታውን ማን ይይዘዋል?» አልኩት።

«ረዳት።»

«ረዳት ከሌላትስ?»

«ባሏ ይያዝላት እንጂ» አለ ወልዴ ፈገግ ብሎ።

«ባሏ ግንባር ነው» አለች እኅቲቱ።

ወልዴ አቀርቅሮ እጀታውን ነካካ። ታምሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ አልደረሱበትም። ስለዚህ...» ብሎ ብዕሩን አነሳ። ልቤ ረጋ። አለቀ አልኩ።

ዘነበች እጇን አነሳች።

«አንድ ነገር ሳልናገር እንዳይጻፍ» አለች። «ወላይታ፣ እኛ አገር፣ እናቴ በጉልቻ ላይ ስታገነፋ ድስቱ እንዳይዞር በባላ እንጨት ትይዘው ነበር። እንጨቱ ሁለት ጣት አለው። ድስቱን በጣቶቹ መካከል ታስገባለች፤ ጫፉን በእግሯ ትረግጣለች። ድስት መያዝን እኔ አላመጣሁትም። ሴቱ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ብረት አደረግሁት።»

ማንም አልጠየቃትም። ከእኛ ከሦስታችን የሴት ሥራ ቦታ ቆሞ ያየ አለ ብላ እንኳ የምትጠረጥርበት ምክንያት አልነበረም። ዝም ብትል ኖሮ ሼዱ የሷ ነበር።

ታምሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ እፎይታ ያየሁ መሰለኝ። «ቀድሞ የታወቀ ነገር ነው ማለት ነው» አለ። «መመሪያው ግልጽ ነው።»

«አንቺ ልጅ» አልኳት፤ ተናድጄ ነበር፤ «ይህን አሁን ለምን ተናገርሽ?»

«እናቴ በሕይወት አለች» አለች። «ይህን ሁሉ እኔ ፈጠርኩት ማለቴን ብትሰማ ከእጄ እህል አትቀምስም።»

እኔ ወረቀቱን ልሰጣት እፈልግ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ፊት አይቶ አያዳላም የተባልኩት ሰው አዝኜላት ብቻ እንድፈርድ አልፈለግሁም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ፤ ዕቃ እንደሚፈታ ሰው ነገሩን ፈታሁት።

«ባላውን ቡታጋዝ ላይ ሞክረሽው ታውቂያለሽ?»

«መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነው። ጉልቻ መሬት ይዟል፤ ቢገፉት አይሄድም። ቡታጋዙን ግን ባላው ራሱ ገፍቶ ይጥለዋል።»

«ባላው ድስቱ ሲዞር ይጠብቃል?»

«አይጠብቅም። እግር ነው የሚያጠብቀው።»

«ታዲያ ክንዱ ራሱን እንዲያጠብቅ ያደረግሽው ከየት አምጥተሽ ነው?»

አሰበች። መልሱን ስታፍርበት አየሁ። «ከልጄ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ታቅፌው ድንገት ስዞር አንገቴን ጭምቅ አድርጎ ይይዘኛል። ቀስ ስል ይለቀኛል። አንድ ቀን እያማሰልኩ ታቅፌው ነበር።»

ታምሩ ወደ አቶ ሽኩር ዞረ። «ጋሽ ሽኩር፣ እርስዎ ረቡዕ ያሉትን ነው ያረጋገጠችው። ማኅበሩ ይውሰደው?»

አቶ ሽኩር ተነስተው ቀለበቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። አንዱን ክንድ በግራ አውራ ጣታቸው ወዲያና ወዲህ አደረጉት።

«ያንን ባላ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ። «እኛም አገር አለ። ታላቅ እኅት ስላልነበረኝ እናቴ ስታገነፋ ባላውን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። እጄ ሲደክም በማማሰያ ትመታኝ ነበር።»

ጥበቃው ሊስቅ ሲል የታምሩን ፊት አይቶ ተወው።

«ከዚያ አዲስ አበባ መጣሁ። ቡታጋዝ መሥራት ጀመርኩ። ስንት እንደሠራሁ አላህ ይወቅ። ባላውም እጄ ላይ ነበር፤ ምድጃውም እጄ ላይ ነበር። ባለቤቴ ስታገነፋ ድስቱ ሲዞርባት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያዢው እላት ነበር። ጓድ ታምሩ፣ መመሪያው ማንኛውም ባለሙያ በቀላሉ የሚደርስበት ነው የሚለው። ማንኛውም ባለሙያ እኔ ነኝ። ሁለቱን ይዤ አርጅቻለሁ፤ አላገናኘኋቸውም። እሷ አገናኘቻቸው፤ መሃላቸው ላይ ደግሞ ከባላውም ከምድጃውም ያልሆነ ነገር ጨመረች። ቀላል ነው ብያለሁ ረቡዕ። ቀላል ነው። በቀላሉ የተደረሰበት ግን አይደለም። የኔ ድምፅ ለሷ ነው።»

ቀለበቱን ወደ ማኅበሩ ሰዎች ሳይሆን ወደ ዘነበች አስጠግተው አስቀመጡት።

«የኔም» አልኩ።

ታምሩ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየ። ምን እያሰበ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። በር ላይ የቆሙትን ጥበቃዎች አየ፤ የእኅቲቱን እግር አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «እንግዲህ ስለ ድስት ነው የተሰበሰብነው» አለና ፈረመ። ስለዚያ ፊርማ በኋላ ተጠይቋል። አልካደም። ይህንንም ለታምሩ መመስከር ይገባኛል።

ስንወጣ አቶ ሽኩር ዘነበችን በር ላይ አስቆሟት። «ወይዘሮ ዘነበች» አሉ፤ ረቡዕ «ሴትየዋ» ነበር የሚሏት። «ማኅበራችን ይህን ዕቃ ቢሠራ ትፈቅጂልናለሽ? ስምሽ እላዩ ላይ ይመታል።»

«እፈቅዳለሁ ጋሼ። ግን አንድም ሳይሸጥ በፊት እኔ ገንፎ አገንፍቼበት ልየው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ከድርና ወልዴ ሊወፍሩ ነው» አሉ አቶ ሽኩር። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ የማኅበሩ ሠራተኞች ቁርሳቸው ምን እንደነበረ መናገር አያስፈልገኝም። እሷም በተሰጣት ሼድ ውስጥ ለእኅቷ ሥራ ከፈተችላት፤ እኅቲቱ ተቀምጣ ክንዶቹን ትቀጠቅጥ ነበር፤ ጎበዝም ወጣት። ባሏ ግን አልተመለሰም።

አንባቢዬ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትለኝ ብዙ ልልህ እችላለሁ፤ አጥብቄ የያዝኩት ግን ጥቂት ነው። ፍርድ ቤትም፣ ዕድርም፣ ቀበሌም ተቀምጬ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ለራሱ ሲመሰክር ነው የምሰማው፤ ዳኛውም ከሁለት ውሸት መካከል ያነሰውን ሲፈልግ ይውላል። በዚያች ዓርብ ግን አንዲት ሴት ሥራዋን የሚያሳጣትን እውነት ሳትጠየቅ ተናገረች፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ማኅበሩን የሚጎዳውን እውነት በራሱ ስም ተናገረ። ነገሩ የጠራው በሁለቱ ነው። እኔ ፈተና አዘጋጀሁ እንጂ ፍርዱን አልሰጠሁም። ልጆቻችሁን እውነት ተናገሩ ስትሏቸው፣ እውነት ሁልጊዜ ታስከፍላለች ብላችሁ ብቻ አታስፈራሯቸው፤ አንዳንድ ጊዜ የሌላውንም ሰው አፍ ትከፍታለች በሏቸው።

ሁለተኛው ነገር የኔው የቤት ነገር ነው። ሲያዩት ቀላል የሆነ ነገር ሁሉ ከመታየቱ በፊት ቀላል አልነበረም። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ መልሱን እያየህ ግን ልትኖርበት አትችልም። ዓይን አንዴ ካየ ያላየ መሆን አይሆንለትም። ስለዚህ ልማድ አወጣሁ።

ከዚያ ዓርብ በኋላ አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ሰናይት አንድ ነገር ከጀርባዋ ደብቃ ወደ ሥራ ክፍሌ ገባች። በዚያ ዕድሜዋ የሠራችውን ነገር ለኔ ማሳየት ብዙም አትወድም ነበር። የግንባሬን መቋጠር ታውቀዋለች።

«አባዬ፣ የሆነ ነገር ሠርቻለሁ» አለች።

«አታሳዪኝ» አልኳት፤ ፊቴንም ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከኋላዬ ትንፋሿ ሲቆም ሰማሁት። የተቆጣሁ መስሏታል። «መጀመሪያ ያስቸገረሽን ንገሪኝ» አልኳት።

ነገረችኝ። ስትተኩስ የካውያው ገመድ የተኮሰችውን ልብስ እየተጎተተ መልሶ ያጨማድድባታል። ገመዱን በአንድ እጇ ከያዘች ልብሱን የምትዘረጋበት እጅ የላትም።

ካውያ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ግድግዳውን እያየሁ አሰብኩ። አንድ መላ መጣልኝ፤ ጣልኩት። ሌላ አሰብኩ፤ እሱም አልሆነም። እሷ ከኋላዬ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«አልመጣልኝም» አልኳት። «በይ አሁን አሳዪኝ።»

ከዚያም ፊቴን ወደ እሷ መለስኩ።